ጎማ፣ ድሪፕ ወይስ ገንቦ? ለበጋ ጓሮ ምን ይገዛ

ሪያድ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በረንዳዋ ላይ ቃሪያና በሶብላ ታበቅላለች። ቪዲዮ ትልክልኛለች፣ ምክርም አይቀርም። «በቀን ሁለቴ አጠጪ። የጥላ መረብ ዘርጊበት።» እዚያ ልክ ናት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀታቸው 40 ዲግሪን ያልፋል። በእኛ ሐምሌና ነሐሴ ግን ጓሮው ጭቃ ነው፤ ሰው ጃኬት ለብሶ ነው ጎመን የሚቀነጥሰው።

የእኛ ጣጣ የሚጀምረው ከጥቅምት በኋላ ነው። እሱም ቢሆን ሙቀት አይደለም። አዲስ አበባ ሞቀች በሚባልበት በመጋቢት እንኳ የቀኑ ሙቀት በአማካይ 25 ዲግሪ ገደማ ነው። ዝናቡ ለወራት ይጠፋል፣ ነፋሱ ደረቅ ነው፣ የቧንቧ ውሃ ደግሞ በፈረቃ ነው የሚመጣው።

እኔ ይህን ሳላስብ መጀመሪያ የገዛሁት የጥላ መረብ ነበር። ቲማቲሜ ከሥሩ ሆኖ ቁመት ብቻ ጨመረ፣ አበባ የለ፣ ፍሬ የለ። አሁን መረቡ ደጅ ቡና የምናፈላበት ቦታ ላይ ተወጥሯል፤ ለሰው በጣም ጥሩ ነው። ለችግኝ መደብ ካልሆነ ለጓሮ አትግዙት። ገንዘባችሁን ማጠጫው ላይ አውሉት።

ቤቴ ቱሉ ዲምቱ ነው። መደቤ 2 ሜትር በ5 ሜትር፣ አፈሩ ዋልካ። በደረቁ ወራት 1 ካሬ ሜትር ጎመን ወይም ቆስጣ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ለእኔ መደብ ሁለት፣ ሁለት ተኩል ጀሪካን ይበቃል ማለት ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ጎማ

ሁሉም ሰው የሚጀምረው በጎማ ነው። ርካሽ ነው፣ የትም ይገኛል፣ ግቢም መኪናም ይታጠብበታል። የእኔ ጎማ 20 ሊትር ጀሪካን በ1 ደቂቃ ተኩል ይሞላል። ስልክ እያወራሁ 10 ደቂቃ ከቆምኩ 130 ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው። መደቡ የሚፈልገው 50 ነበር። ዋልካ ደግሞ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ያፈሰሳችሁት ውሃ በስንጥቁ ቁልቁል ይሄዳል እንጂ ሥሩ ዘንድ አይቆይም።

ስትገዙ ጎማውን እጠፉት። ቶሎ ከተጣጠፈና ግድግዳው ስስ ከሆነ ተዉት። እኔ በርካሽ የገዛሁት አንድ በጋ ፀሐይ ላይ ከርሞ እንደ ደረቅ ሸንኮራ ተሰነጣጠቀ። ሻጩ «ጥላ ውስጥ ነው የሚቀመጥ» አለኝ። የጓሮ ጎማ!

ድሪፕ

የጠብታ መስኖ ራሱ ከበረሃ የመጣ ነው። ኔታፊም የሚባለው አምራች በ1965 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው እስራኤል ውስጥ፣ ነጌቭ በረሃ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ የአበባ እርሻዎችም በዚሁ ያጠጣሉ። ለቤት ሲሆን ፓምፕ አያስፈልግም። 200 ሊትር በርሜል 1 ሜትር ከፍታ ላይ ታስቀምጣላችሁ፣ ከሥሩ ቧንቧ፣ ከዚያ ማጣሪያ፣ ከዚያ ቀዳዳ ያለው መስመር። አለቀ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል። 1 ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት በጣም ትንሽ ነው፣ የ1 ባር አንድ አሥረኛ። ገበያ ላይ ደግሞ ግፊት የሚያመጣጥን፣ ዋጋውም ከፍ ያለ የድሪፕ መስመር አለ። ሻጩ «ይሄ ነው ኦሪጅናሉ» ብሎ እሱን ይሰጣችኋል። ከበርሜል ጋር አይሠራም፣ ጥቂት ሜትር ሄዶ ቀጥ ይላል። ተራውን ግዙ፣ አንዱን መስመርም ከ10 ሜትር አታስረዝሙ።

ማጣሪያውን ደግሞ «ይቅርብኝ» እንዳትሉ። ውሃ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ መሆኑን ታውቁታላችሁ። ያ ደለል ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እኔ ማጣሪያውን በየሳምንቱ አጥባለሁ፤ በወር አንዴ የመስመሮቹን ጫፍ ከፍቼ አስወጣለሁ። ሰነፍ ሰው ድሪፕ ባይገዛ ይሻለዋል። ዶሮና ውሻ ያላችሁም መስመሩን በጭድ ሸፍኑት። ጭዱ ለአፈሩም ጥሩ ነው፣ እርጥበቱን ይይዝለታል።

ገንቦ

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። ውሃ የሚያሳልፍ የሸክላ ገንቦ እስከ አንገቱ ይቀበራል፣ ውሃ ይሞላል፣ ይከደናል። በዙሪያው ያለው አፈር ሲደርቅ ውሃውን በሸክላው በኩል ይስባል፤ ሲርስ መሳቡ ይቀንሳል። ዘዴው ቻይና ውስጥ ከ2,000 ዓመት በፊት ይታወቅ ነበር።

ለመግዛት ቀጨኔ ሄድኩ። ሸክላ ሠሪዋ እናት «ልጄ፣ ሳይሟሽማ ያፈሳል» አሉኝ።

«እኔም እንዲያፈስ ነው የምፈልገው።»

ለአፍታ ዝም ብለው አዩኝ። ግን ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የተሟሸ ገንቦ ቀዳዳው ስለተደፈነ ለዚህ አይሆንም። ያልተሟሸውን ውሃ ሞልታችሁ አሳድሩት። ጠዋት ውጩ ከረጠበ ውሰዱት፣ ከደረቀ መልሱት።

5 ወይም 6 ሊትር የምትይዝ ገንቦ ስትሞላ ሁለት ሦስት ቀን ታቆያለች። ውሃ በሳምንት ሁለቴ ለሚመጣለት ሰፈር የተሠራች ነው የምትመስለው። ለቃሪያ፣ ለቲማቲም፣ ለበሶብላ ተስማምታኛለች። ከአንድ ክንድ በላይ የራቀ ተክል ግን ምንም አያገኝም። ለካሮትም አትሆንም፣ መደቡን ትበጣጥሰዋለች። ክዳኑን ከረሳችሁት ደግሞ የትንኝ ማራቢያ ነው የሚሆነው። አንዷ ገንቦ ርካሽ ናት፤ የእኔን መደብ ለመሸፈን ግን 12 ያስፈልጋል፣ ያኔ ሂሳቡ ሌላ ነው።

እና የትኛው?

ውሃ ሳይቋረጥ የሚመጣላችሁ፣ ግቢያችሁም ትንሽ ከሆነ ጎማው ይበቃል። ከጫፉ የሚዘጋ መርጫ ጨምሩበት። ከ10 ካሬ በላይ ጎመንና ሰላጣ ካላችሁ ድሪፕ ግዙ፤ ዋጋው ከሦስቱ ከባዱ ነው፣ ግን 50 ሊትሩን 50 ሊትር አድርጎ ያደርሳል። አምስት ስድስት እግር ቃሪያ ብቻ ያለው ሰው፣ ወይም በየሁለት ሦስት ቀኑ ብቻ ማጠጣት የሚችል፣ ገንቦ ይቅበር። እኔ መደቡ ላይ ድሪፕ፣ አጥሩ ሥር ባሉት ቃሪያዎች ገንቦ አድርጌያለሁ።

ሮቶ የሌላችሁ ግን ከሦስቱም በፊት ሮቶ ወይም በርሜል ግዙ። ፈረቃው ባለፈ ማግስት ጎማው ባዶ ቱቦ ነው።

ሱሉልታና ሰንዳፋ ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስለሚያገኛችሁ ከማጠጫው የተረፈውን ገንዘብ ለቲማቲሙ የሌሊት መሸፈኛ አድርጉት። ዋልካ ላይ ያላችሁ ደግሞ ገንቦውን ሰኔ ሳይጠና አውጡት። አፈሩ ዝናብ ጠጥቶ ሲያብጥ ይጨምቀዋል፤ እኔ ሁለቱን እንዲያ ሆነው ነው ያወጣኋቸው፣ በስባሪ።