ባለ 51 ሊትሯ የኮራል አኳሪየም፣ ከ14 ወር በኋላ

ለሚቸኩል ሰው አስቀድሜ ልናገር። የጨው ውኃ የዓሣ ገንዳዋን ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። ካርቶኗ ላይ ላለው «ለጀማሪ ተስማሚ» ለሚለው ጽሑፍ ግን አንድም ኮከብ የለኝም። እሱን አምኜ በገባሁበት የመጀመሪያ ዓመት ዓሣም ኮራልም (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው) ሞቶብኛል።

የገዛኋት አምና ጥር ላይ ነው። 13.5 ጋሎን ትይዛለች፣ 51 ሊትር ማለት ነው። የሠራትን ድርጅት ስም አልጠራም፤ በዚህ መጠን የሚሸጡት አብዛኞቹ አሠራራቸው ያው ነው። ፊት ለፊት ዓሣው የሚኖርበት መስታወት አለ። ከጀርባ በጥቁር ግድግዳ የተከለሉ ሦስት ጠባብ ክፍሎች አሉ፣ እዚያ ውስጥ ማጣሪያው፣ ፓምፑና ማሞቂያው ይደበቃሉ። ላይዋ ላይ መብራት የተገጠመበት ክዳን አለ። ማሞቂያ አብሮ አይመጣም፣ ለብቻ ነው የሚገዛው።

መስታወቱ ጥሩ ነው፣ እስካሁን ጠብታ አላፈሰሰም። ፓምፑ ድምፁ አይሰማም፣ ሳሎን ውስጥ ቁጭ ብለን ስናወራ መኖሩንም እንረሳዋለን። መብራቱ ለለስላሳ ኮራሎችና ብዙ ብርሃን ለማይፈልጉ ባለ አፅም ኮራሎች በደንብ ይበቃል። ዞአንተስ፣ መሽሩም፣ ዱንካን፣ ሀመር ሁሉም አድገውበታል። አክሮፖራ የሚባለውን ብዙ ብርሃን የሚፈልግ ኮራል ለማሳደግ ካሰባችሁ ግን ይህ መብራት አይሆናችሁም፣ ሌላ መግዛት ይኖርባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትንሽ ገንዳ ቀላል ይመስላል፣ እኔም እንደዚያ ነበር ያሰብኩት። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ውኃው ትንሽ ስለሆነ የሚደርስበት ነገር ሁሉ ቶሎ ይደርስበታል። ትነትን እንይ። ውኃው ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፣ ገንዳው ውስጥ ይቀራል። እኔ ቤት፣ አሜሪካ፣ በብርዱ ወራት የቤቱ ማሞቂያ ሲበራ አየሩ ስለሚደርቅ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይጎድላል። ድንጋዩና አሸዋው የያዙት ቦታ ሲቀነስ እውነተኛው ውኃ 45 ሊትር ቢሆን ነው። ስለዚህ አራት ቀን ብትረሱት ከሺህ 35 እጅ የነበረው ጨዋማነት 36 ተኩልን ያልፋል። አራት ቀን ደግሞ ለመርሳት ብዙ አይደለም፣ አንድ ሠርግ ሌላ ከተማ ሄዶ መምጣት ነው። ከፊት ስታዩት ምንም የጎደለ አይመስልም፣ ምክንያቱም ውኃው የሚቀንሰው ከጀርባ ፓምፑ ባለበት ክፍል ብቻ ነው። እኔ እዚያ ክፍል ላይ በማርከር መስመር አስምሬ በየቀኑ ጠዋት ቡና እስኪፈላ ድረስ ንጹሕ ውኃ እጨምር ነበር። የሚጨመረው ጨው የሌለው ውኃ ነው፣ ይህን የሚሳሳቱ ብዙ ሰዎች አይቻለሁ። ከ5 ወር በኋላ ራሱ እየለካ የሚሞላ መሣሪያ ገዛሁ። ከመጀመሪያው ብገዛው ኖሮ እላለሁ፣ ለዚህ ገንዳ ከመብራቱም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው።

አንዷን ኮከብ የቀነስኩት ለክዳኑ ነው። ከኋላ ለገመድና ለምግብ ብለው የተዉት ክፍተት ሦስት ጣት ያስገባል። መጀመሪያ ከገቡት ዓሦች አንዷ ፋየርፊሽ ነበረች። ከፊት ነጭ ሆና ወደ ጅራቷ ቀይ የምትሆን፣ ላይዋ ላይ ቀጭን ክንፍ እንደ ባንዲራ የምታቆም፣ በጣም ድንጉጥ ዓሣ ናት። ስትደነግጥ ትዘላለች። አንድ ቀን ጠዋት ከጠረጴዛው ሥር ደርቃ ያገኘቻት የ8 ዓመት ልጄ ናት። ያን ቀን ትምህርት ቤት የሄደችው እያለቀሰች ነው። አሁን ክፍተቱን በጥቅጥቅ ወንፊት ሸፍኜዋለሁ፣ ወጪው 12 ዶላር ነበር። ይህን ነገር ፋብሪካው ራሱ ሊሠራው ይገባ ነበር። ፋየርፊሽም ሆነ ጎቢ የሚባለውን ትንሽ ዓሣ የምታስገቡ ከሆነ ዓሣው ቤት ከመግባቱ በፊት ወንፊቱ ይግባ።

ሁለተኛው ጉዳት ከማሞቂያ ነው የመጣው፣ ይሄኛውን በገንዳዋ አላሳብብም። ነሐሴ ላይ ከሥራ ስመለስ ውኃው 31 ዲግሪ ደርሷል። መሆን የነበረበት 25 ወይም 26 ነው። የማሞቂያው ቴርሞስታት በርቶ ቀርቷል። ዜኒያ የሚባለው ለስላሳ ኮራል እንደ ሾርባ ቀልጦ ነበር። ዱንካኑ ተኮማትሮ ተዘግቷል፣ ሀመሩ ደግሞ በአንድ በኩል ነጥቷል። ኮራል ሲነጣ የምናየው ነጭ ነገር አፅሙ ነው። ሥጋው ውስጥ አብረውት የሚኖሩና በብርሃን ምግብ የሚሠሩለት ጥቃቅን አልጌዎች አሉ፣ ሙቀት ሲበዛበት እነሱን ከሰውነቱ ያስወጣቸዋል፣ ቀለሙም አብሮ ይሄዳል። በረዶ አልጨመርኩም፣ ድንገት ማቀዝቀዝ ሌላ ዱላ ነው። ክዳኑን ከፍቼ ማራገቢያ ደቀንኩበት፣ በሌሊቱ ቀስ እያለ ወረደ። ሀመሩ ቀለሙ ለመመለስ ሦስት ወር ፈጅቶበታል። ከዚያ ወዲህ ማሞቂያው የሚሰካው ለብቻው ሙቀት በሚለካ መቆጣጠሪያ ላይ ነው፣ ከ26 ተኩል ሲያልፍ የማሞቂያውን ኤሌክትሪክ ይቆርጥበታል። ማሞቂያውንም ወደ 50 ዋት ቀንሼዋለሁ። ለዚህ መጠን ውኃ ይበቃል፣ ቢበላሽም እንደ ትልቁ ቶሎ አይቀቅላቸውም።

ውኃውስ ከየት ይመጣል? እኔ የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን፣ ኮሎምቢያ ፓይክ የሚባለው መንገድ አጠገብ ነው። እዚህና ዋሽንግተን ዲሲ ለቧንቧ ውኃ የሚጠቀሙት ክሎራሚን ነው፣ ክሎሪንና አሞኒያ የተዋሃዱበት። ድሮ አዲስ አበባ የወንዝ ዓሣ ሳረባ ውኃውን በባልዲ ሞልቼ ማሳደር ይበቃኝ ነበር፣ ክሎራሚን ግን በማሳደር አይጠፋም። መጀመሪያ ላይ የቧንቧ ውኃ በመድኃኒት እያከምኩ ሞክሬ ነበር። ድንጋዩን ፀጉር የመሰለ አረንጓዴ አልጌ ወረሰው። በየሳምንቱ እያጸዳሁ፣ ውኃ እየቀየርኩ፣ ተመልሶ ያው፤ ውኃ ቅዳ ውኃ መልስ ሆነብኝ። ባለ 4 ደረጃ የአር ኦ ማጣሪያ (ውኃውን በግፊት በረቂቅ ወንፊት አሳልፎ የሚያጠራ) ከኩሽና ቧንቧ ጋር ካገናኘሁ በኋላ ነው ያረፍኩት። አሁን በየእሑዱ 5 ሊትር እቀይራለሁ፣ ከዚያ ሌላ የምጨምረው ነገር የለም።

ሱቆቹን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። መጀመሪያ የሄድኩበት ሱቅ ገንዳዬ 13.5 ጋሎን መሆኗን ነግሬው ሰማያዊ ታንግና ማንዳሪን የሚባሉ ዓሦች ሊሸጥልኝ ነበር። ታንጉ ሲያድግ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ገንዳዬ ራሷ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 አትሞላም። ማንዳሪኑ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ድንጋይ ላይ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረቶችን እየለቀመ ነው የሚኖረው፣ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ያሉትን ጨርሶ ዓይናችሁ እያየ በረሃብ ይሞታል። ይህን እያወቁ መሸጥ በጣም ያናድዳል። ሁለተኛው ሱቅ ያለው ልጅ ግን በቅድሚያ የጠየቀኝ ገንዳው ስንት ሳምንት ሆነው፣ ዓሣን የሚመርዘው አሞኒያ ዜሮ ገብቷል ወይ ብሎ ነው። አምስተኛ ሳምንቱ ነበር፣ አሞኒያም፣ እንደ እሱ መርዝ የሆነው ናይትራይትም ዜሮ ነበሩ፣ እንዲያም ሆኖ በአንድ ቀን ከሁለት ዓሣ በላይ አልሸጥም አለኝ። ደንበኛው ሆኜ ቀረሁ።

አሁን ያሉኝ ሁለት ክላውንፊሽ፣ አንድ ቢጫ ጎቢና ከእሱ ጋር አንድ ጉድጓድ የሚጋራ ሽሪምፕ ናቸው። ሽሪምፑ ይቆፍራል፣ ጎቢው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ስለሆነ አንድ አንቴናው ሁልጊዜ ዓሣውን እንደነካ ነው። ሰዓት ሙሉ ብታዩት አይሰለችም። ክላውንፊሾቹ በእርባታ የተፈለፈሉ ናቸው፣ ከባሕር የተያዘ አልገዛም። ሁሉም ወንድ ሆነው ነው የሚያድጉት፣ ከጥንዶቹ ትልቁ በኋላ ሴት ይሆናል። የእኛዎቹም ለይተዋል፣ ትልቋ አሁን እጄን ትነክሰኛለች።

ምጽዋ ያደጉ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉን። ቅዳሜ ማታ ቡና ሲጠጡ ወንበራቸውን ወደ ገንዳዋ አዙረው ነው። የቀይ ባሕሩ ክላውንፊሽ ነጭ መስመሩ ሁለት ነው፣ የእኔዎቹ ሦስት አላቸው። እሳቸው ገና ባዩዋቸው ቀን «የእኛዎቹ ሁለት ነበር መቀነታቸው» አሉ። ስሙን አያውቁትም። ልጅ ሆነው ሲዋኙ ያዩትን ነው ያስታወሱት።

ልጅ ላላችሁ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዞአንተስ ውስጥ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ ሊኖር ይችላል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ኮራሉ ያለበትን ድንጋይ ደግሞ ለማጽዳት ብላችሁ በፍጹም አትቀቅሉት። እንፋሎቱ ቤተሰብ ሙሉ ሆስፒታል ሊያስገባ ይችላል።

ገንዳዋ 190 ዶላር ነበረች። ማጣሪያው፣ መቆጣጠሪያው፣ ውኃ የሚሞላው መሣሪያ፣ ጨው፣ መለኪያው፣ ድንጋዩና እንስሳቱ ሲደመሩ እስካሁን ወደ 950 ዶላር ወጥቷል። ሀመሩ ስገዛው አንድ ራስ ነበር፣ አሁን ሦስት ሆኗል፣ አራተኛው ከጎን እያቆጠቆጠ ነው።

ዲሲና አርሊንግተን ላላችሁ፦ በየዓመቱ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ድረስ የቧንቧው ውኃ ከክሎራሚን ወደ ክሎሪን ይቀየራል። እኔ ክሎሪኑን የሚያስቀረውን የካርቦን ማጣሪያዬን በዚህ ሳምንት ለውጫለሁ። የእናንተ ከተቀየረ 6 ወር ካለፈው እናንተም ለውጡ።