ኮፈኑ ሞቆ ከጠበቃችሁ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ

ይህን የምጽፈው ትናንት ማታ ከአዲስ አበባ በሚኒባስ ተመልሼ፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው። አዎ፣ በሚኒባስ። ስድስት ሚሊዮን ብር ሊሞላ ጥቂት የጎደለው ገንዘብ የከፈልሁባት መኪና ደብረ ብርሃን፣ ግቢዬ ውስጥ፣ እንደ ታመመች ላም ተኝታለች። እኔ ደግሞ ከላምበረት ጀምሮ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ የሰው ሻንጣ ታቅፌ መጣሁ። ስለዚህ አነጋገሬ ቢሻክር ይቅር በሉኝ።

ጥፋቱ ከእኔ ስለሚጀምር እሱን ላስቀድም። ሦስት ልጆች አሉን፤ እናቴ የምትኖረው መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ባለቤቴ የጠየቀችኝ ግልጽ ነበር፦ «ልጆቹ ሳይጣበቁ የሚቀመጡባት፣ ጤፍ የሚጫንባት፣ መንገዱ መካከል መዘዞ ላይ ብትቆም ማንም መካኒክ የሚያውቃት መኪና ግዛ።» አሮጌም ብትሆን ፕራዶ ወይም ራቭ ፎር ማለቷ ነው፤ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ነገር ግን በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የእነዚህ ዋጋ ጣራ ነካ። እኔም ብልህ የሆንሁ መስሎኝ አሰላሁ፦ ለአሮጌ ፕራዶ ይህን ያህል ከማወጣ፣ በዚያው ብር የጀርመን ሥሪት፣ ባለ ቱርቦ፣ ባለ ቆዳ መቀመጫ፣ ጣራዋ እንደ ውድድር መኪና ወደ ኋላ ተዳፍቶ የሚወርድ ለምን አልገዛም? ለምን በዚያው ብር ተገኘች ብዬ ግን ራሴን አልጠየቅሁም። ሥራዬ እኮ ቆርቆሮና ሚስማር መሸጥ ነው፤ ዕቃ ያለ ምክንያት አይረክስም እያልሁ ለደንበኞቼ ስሰብክ የምውል ሰው ነኝ።

የመሸጫውን ስም አልጽፍም። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ የመስታወት ቢሮ፣ ሳይታዘዝ የሚመጣ ማኪያቶ፣ በየዓረፍተ ነገሩ «ጋሼ»። ደላላው ገና በመንገድ ላይ ሳለን የተለመደውን ብሎ ጨርሶ ነበር፦ አንዲት ሴት ብቻ ናት የነዳቻት፣ ባለቤቷ ወደ ውጭ ልትሄድ ስለሆነ ነው፣ ትናንት አንድ ሰው ቀብድ ሊያስይዝ ለጥቂት ነው የቀረው። ይህን ሁሉ ሰዎች ሲያወሩት ሰምቼ ስቄበታለሁ። ቢሆንም ሠራብኝ።

ሌሊቱን ሙሉ የምመላለስባት ቅጽበት ግን ሌላ ናት። አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስሁ። መኪናዋ ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ቅባት ተቀብቶ፣ ከሌሎቹ ተለይታ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች። አቋሟ ቀጥ ያለ፣ በአራቱም ጎን እኩል ነው። ዞርሁላትና እጄን ኮፈኑ ላይ አሳረፍሁ። ሞቃት ነበር። ለብ ያለ ብቻ አይደለም፤ እንጀራ የወጣለት ምጣድ ክዳን እንደሚያደርገው እጄን የሚያስነሣ ሙቀት ነበር። ሻጩ እጄን አየ፤ እኔ ፊቱን አየሁ። አንድ ነገር ያለፈበት መሰለኝ፤ ወዲያው ግን ፈገግ ብሎ፣ «የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ሰልችቶታል ብለን አሙቀን ጠበቅንዎት፣ ጋሼ» አለኝ። ሳቅሁ። ቀልዱን ወደድሁለት። መቀመጫውን እንኳ አሙቆልኝ ስለነበር፣ እንዲህ የሚያስብ ሰው ገጠመኝ ብዬ ልቤ ለሰለሰ። ትከሻውን መታ መታ አድርጌ «ተባረክ» አልሁት። ተባረክ! ለሚዘርፈኝ ሰው መርቄ ቀብድ ቆጠርሁለት።

አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ በሬ ሲገዛ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፣ ያስኬደዋል፣ ከዚያም ተኝቶ እስኪነሣ ይጠብቃል። የተኛ በሬ እንዴት እንደሚነሣ ሳያይ ከኪሱ አንድ ብር አያወጣም ነበር። እኔ ተነሥታ የጠበቀችኝን ገዛሁ።

ግቢዬ ያደረችበት የመጀመሪያው ሌሊት ውርጭ ነበር። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለችውን ከተማ ብርድ ለእናንተ አልነግርም። ጠዋት ስወጣ መኪናዋ በኋላ ግራ እግሯ ተንበርክካለች። ሞተሩን ሳስነሣ ከሥር እንደ ንብ ቀፎ የሚያጉረመርም ድምፅ ተሰማ፤ ቀስ በቀስም ተነሣች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ትንሹ «ግመል ናት እንዴ?» ሲለኝ ምን ብዬ እንደመለስሁ ታውቃላችሁ? «ዘመናዊ ስለሆነች ነው፤ ስታርፍ ዝቅ ትላለች።» ባለቤቴ የቡና ስኒዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ አየችና ምንም ሳትል ገባች።

እሑድ ወደ እናቴ ተጓዝን። ከኋላ ሦስት ልጅ ሲቀመጥ የመካከለኛው እግር የሚያርፍበት የለም፤ ወለሉ ላይ ትልቅ ጉብታ አለ። የትልቁ ልጄ ራስ ጣራውን ይነካል። ግማሽ ኩንታል ጤፍና የልጆቹ ሻንጣ በዚያ በተዳፋ ጣራ ሥር አብረው ስላልገቡ ሻንጣው ባለቤቴ ጭን ላይ ሆነ። የጎማው ጎን ከመዳፍ ስፋት ስለማይበልጥ እያንዳንዷን ጠጠር እስከ ወገባችን ታደርሳለች። ጣርማ በር ጉም ነበር። ወደ መሐል ሜዳ ታጥፈን ጥቂት እንደሄድን ቢጫ መብራት በራ፣ ቀጥሎ ቀይ። መዘዞ ሳንደርስ የንቡ ድምፅ ጸጥ አለና መኪናዋ ከእነ ቤተሰቤ ቁጭ አለች። ባለቤቴ አፏ ላይ ያመጣችው ቦታ መዘዞ መሆኑን ልብ በሉ።

በቀጣዮቹ ድንጋዮች አንዱ ጎማ በጎኑ ተሰነጠቀ። የዕቃ መጫኛውን ወለል ገለጥሁ። ትርፍ ጎማ የለም። አንዲት ትንሽ ፓምፕና አንድ ጠርሙስ የቀዳዳ መድፈኛ ፈሳሽ ብቻ፤ እሱም ለጎን ስንጥቅ አይረዳም። ከእነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ትርፍ ጎማ እንደሌላቸው የተማርሁት በርኖስ የለበሱ እረኞች ከብበውኝ ሳለ ነው። አንደኛው ለረጅም ጊዜ አያትና «የአስፋልት ናት አይደል?» አለኝ፤ በአክብሮት ነው የጠየቀኝ። በጭነት መኪና ተጭና ተመለሰች።

ሰኞ አንድ አዛውንት መካኒክ ከሥሯ ገብተው ወጡና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ ያሳዩህ ዕለት ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር?» መልስ አልሰጠሁም። ገባቸው። ይህች መኪና የብረት ሞላ የላትም፤ የምትቆመው በጎማ ከረጢት ውስጥ በታመቀ አየር ነው። ከረጢቱ ሲያረጅ ይሰነጠቅና ሌሊቱን ያፈስሳል። ሞተሩ ሲነሣ ኮምፕሬሰሩ፣ ማለትም አየር መሙያው፣ እንደገና ይሞላዋል፤ የሚያፈስስ ነገር ሲሞላ ውሎ ሲያድር ደግሞ እሱም ይቃጠላል። የማስጠንቀቂያ መብራቱን በመመርመሪያ ኮምፒውተር ያጠፉታል፤ ጥቂት ሲነዱት ተመልሶ ይመጣል። ያ የሞቀ ኮፈን ወድቃ ያደረችውን እኔ ሳልደርስ ለማንሣት የተሞቀ ነው። የአንድ እግሯ ዕቃ ብቻ ሦስት መቶ ሺህ ብር ተጠርቶልኛል፤ እሱም ከውጭ ሲመጣ።

ትናንት ወደ መሸጫው ሄድሁ። ማኪያቶ አልመጣም። «ጋሼ» ሲለኝ የነበረው ሻጭ ከስልኩ ቀና ሳይል «የትኛዋን መኪና ነው የገዛኸው?» አለኝ። አምስት ቀን ሳይሞላኝ! አርብ «እርስዎ» ነበርሁ፣ ማክሰኞ «አንተ» ሆንሁ። ስነግረው ወደ ውስጥ ዞሮ «የደብረ ብርሃኑ ሰውዬ መጥቷል» ብሎ ተጣራ፤ ከውስጥ ሳቅ ተሰማ። ውሉን አወጣ፣ ሁለተኛውን ገጽ ገለጠ፣ ጣቱን አሳረፈበት፦ «መኪናዋን አይቼና መርምሬ፣ ባለችበት ሁኔታ ወድጄ ገዝቻለሁ።» ከሥሩ ፊርማዬ በሰፊው ተዘርግቷል። ስለ ኮፈኑ ስጠይቀው፣ «መኪና አሞቅህ ተብሎ የተከሰሰ ሰው አይቼ አላውቅም» አለ። ስወጣ ደግሞ ከኋላዬ፦ «ሦስት ልጅ ካለህ ሚኒባስ ነበር መግዛት የነበረብህ።»

ጠበቃ ጎረቤቴን አማክሬዋለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ሻጭ ጉድለትን ሆን ብሎ ከደበቀ «ባለችበት ሁኔታ» የሚለው ቃል አያድነውም አለኝ። መደበቁን ማስረዳት ግን የእኔ ሸክም ነው፤ ያለኝ ማስረጃ ደግሞ ቀዝቅዟል።

እናንተ ከቀጠሮው ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ፣ ሞተሩ ሳይነሣ እዩ፤ ሞቆ ካገኛችሁት ሌላ ቀን በማለዳ ሳትነግሯቸው ተመለሱ። የራሳችሁን መካኒክ ውሰዱ። ልጆቻችሁን ከኋላ አስቀምጡና ትርፍ ጎማ አሳዩን በሉ። ሁለተኛውን ገጽ አንብቡ።

የእኔዋን የሚፈልግ ካለ ግቢዬ ድረስ መጥቶ ማየት ይችላል። ሞተሩን አላስነሣም።