የማክሼን የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ሰሌዳ ለአገልጋይ ይሆናል?

አዎ፣ ይሆናል። ግን ሙሉውን አትጀምሩት።

ሰሌዳው የቆየ ነው። ስኮትላንድ ውስጥ በዳንዲ ከተማ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ የነበረው ሮበርት ማክሼን በ1842 እ.ኤ.አ. ለምእመናኑ ያዘጋጀው ነው። በዓመቱ፣ ገና በ29 ዓመቱ አረፈ። በቀን አራት ምዕራፍ ይነበባል፤ ሁለቱ ከቤተሰብ ጋር፣ ሁለቱ ለብቻ። በዓመት ብሉይ ኪዳን አንዴ፣ አዲስ ኪዳንና መዝሙረ ዳዊት ሁለት ሁለት ጊዜ ያልቃሉ። ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ አትሞ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ማስቀመጥ ነው።

መድረክ ላይ የምንቆም ሰዎች አንድ ክፉ ልማድ አለን። ክፍሉን ገልጠን ገና ሁለት ቁጥር ሳንሄድ ሦስት የስብከት ነጥብ እናወጣለን፣ ምሳሌ እንፈልጋለን፣ «ይሄ ለእገሌ ነበር» እንላለን፣ እናም ቃሉ እኛ ጋ ሳያርፍ ወደ ጉባኤው ያልፋል። እንዲህ እየሆነ ስንት አገልጋይ ሌላውን እያጠገበ ራሱ ተርቧል! የዚህ ሰሌዳ ትልቁ ጥቅም ምርጫውን ከእጃችን መውሰዱ ነው። የእሑዱ ርዕስ ምንም ይሁን፣ ዛሬ ዕዝራ ነው ካለ ዕዝራ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እዩት፦ ዘፍጥረት 1፣ ማቴዎስ 1፣ ዕዝራ 1፣ የሐዋርያት ሥራ 1። የፍጥረት መጀመሪያ፣ የጌታ ልደት፣ የምርኮኞች መመለስ፣ የደቀ መዛሙርቱ በአንድ ልብ መጸለይ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። አራቱን ተራ በተራ ስታነቡ ስብከቱ ይረሳችኋል። እግዚአብሔር አዲስ ነገር መጀመር እንደማይታክተው ነው የሚታያችሁ፣ ለደከመ አገልጋይ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምን አለ?

ችግሩ ክብደቱ ነው። ዘኍልቍ 7 ብቻውን 89 ቁጥር አለው፤ እሱን ከልጆች ጋር ማንበብ በጣም ይከብዳል። ለቅሶ፣ ሰርግና የሽማግሌዎች ስብሰባ የተደራረቡበት ሳምንት ሲመጣ ንባቡ ይጠራቀማል። ያን ለማካካስ መሮጥ ይመጣል፣ በሩጫ ደግሞ ነፍስ አትታደስም። ማክሼን ራሱ ይህን አስቀድሞ አስጠንቅቋል፦ ለወግ ያህል ማንበብ፣ አነበብኩ ብሎ ራስን ማጽደቅ፣ በግድየለሽነት ማለፍ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ቀንበር መሸከም። ስለዚህ ያለፋችሁን ተዉትና የዛሬውን አንብቡ። ለብቻ የሚነበቡትን ሁለቱን ብቻ ይዛችሁ ጀምሩ፤ የቀሩት ሁለቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይቆዩ። የስብከት ማስታወሻ ደብተራችሁንም በንባቡ ሰዓት ራቅ አድርጉት።

ለኦርቶዶክሳውያን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ሰሌዳው 66ቱን መጻሕፍት ብቻ ነው የያዘው። ሄኖክ፣ ኩፋሌና ሲራክ የሉበትም፣ እነሱን በራሳችሁ መጨመር ይኖርባችኋል።

ቀኖቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ይሄ ግን ቀላል ነው። ቀኖቹን ከ1 እስከ 365 ቁጥር ስጧቸው፤ መስከረም 1 ከጀመራችሁ ጳጉሜን 5 ትጨርሳላችሁ።