ሬስቲክ፦ ባክአፑ አስተማማኝ ነው፣ ግን ጠባቂ ይፈልጋል

ሬስቲክ የተባለውን የባክአፕ (የዳታ መጠባበቂያ ቅጂ) ፕሮግራም በመሥሪያ ቤታችን ሰርቨሮች ላይ ከጫንኩት ቆየት ብሏል። ነፃ ነው፣ የሚታዘዘውም በኮማንድ ብቻ ነው። በማውዝ መሥራት የለመደ ሰው ቶሎ ይሰለቸዋል። እኔ ወድጄዋለሁ፤ ቅሬታ ግን አላጣሁበትም።

ፋይሉን ቆራርጦ አዲስ የሆነውን ቁራጭ ብቻ ስለሚልክ፣ የመጀመሪያው ባክአፕ ሌሊቱን ሙሉ ቢፈጅም ከዚያ በኋላ ያሉት ቶሎ ያልቃሉ። ዳታው ከሰርቨሩ የሚወጣው ኢንክሪፕት ተደርጎ፣ ማለትም ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ ተቆልፎ ነው። ከሁሉ የሚጥመኝ «ሬስቲክ ማውንት» የሚባለው ኮማንድ ነው፤ ሊኑክስ ላይ የድሮውን ባክአፕ እንደ ተራ ፎልደር ይከፍትልኛል። የሂሳብ ክፍሏ ባልደረባዬ «ኧረ ኤክሴሌ ጠፋብኝ!» ስትለኝ ቀኑን መርጬ እገባና የእሷን ፋይል ብቻ አወጣላታለሁ። ሌላውን መነካካት የለም።

ቅሬታዬ ወዲህ ነው። ሬስቲክ በራሱ ሰዓት ጠብቆ አይነሳም። ክሮን (ፕሮግራምን በተባለለት ሰዓት የሚያስነሳ መሣሪያ) ወይም ሌላ ቀስቃሽ የምታዘጋጁለት እናንተ ናችሁ፤ ሳይነሳ ቢያድርም ደውሎ አይነግራችሁም። ይባስ ብሎ፣ አንዳንድ ፋይሎችን ማንበብ ሲያቅተው ጎዶሎውን ባክአፕ ያስቀምጥና 3 ቁጥርን መልሶ ይወጣል። ያቺን ቁጥር የሚያይ ስክሪፕት (በራሱ የሚሠራ አጭር የትእዛዝ ጽሑፍ) ከሌለ፣ ዝርዝሩ ላይ የዛሬው ቀን ስለሰፈረ ብቻ ሁሉም ሰላም ይመስላል።

የተጋነነ ከመሰላችሁ የሶፍትዌር ሠሪዎች ኮድ ማስቀመጫ የሆነውን የጊትላብን ኩባንያ ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2017 አንድ ኢንጂነር ሌላ ሰርቨር መስሎት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች አጠፋ። ባክአፕ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ቨርዥን 9.2፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ስለነበር ሥራው ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚናገረው ኢሜይልም በተቀባዩ ሰርቨር ውድቅ እየተደረገ ማንም ሳያየው ቀርቷል። ያተረፋቸው ከጥፋቱ 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሙከራ የተወሰደ ቅጂ ነው፤ በመሃል የገባው ዳታ ግን ቀለጠ። ሶፍትዌር እየሠሩ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ!

ወደ ሬስቲክ ስንመለስ፣ ባክአፑን የሚፈትሸው «ሬስቲክ ቼክ» የሚባለው ኮማንድ ብቻውን ሲታዘዝ የማከማቻውን አወቃቀር እንጂ ዳታውን በሙሉ አያነብም። «ሪድ ዳታ» የሚለውን ካልጨመራችሁበት የተበላሸ ዲስክ ላያጋልጥ ይችላል። ከዚያም በላይ ሪስቶር አድርጎ (ዳታውን ከባክአፑ መልሶ አውጥቶ) ዳታቤዙ መነሳቱን ማየት ያስፈልጋል፤ ለዚህ ትርፍ ማሽን ስጠይቅ ግን ከአለቆች የማገኘው መልስ ሁሌም «ባክአፕ አለን አይደል እንዴ?» ነው። ኦዲተሮችም ቢሆኑ «አለ» የሚለው ላይ ምልክት አድርገው ያልፋሉ፤ መቼ ሪስቶር ተደርጎ እንደታየ የጠየቀኝ የለም።

ፓስወርዱ ከጠፋ ዳታው አብሮ ጠፋ ማለት ነው፤ የሚከፍትላችሁ የለም። አይቲው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም። የእኛ በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ነው።

ከ5 4 እሰጠዋለሁ። ስክሪፕት የሚጽፍና በየጊዜው ሪስቶር የሚሞክር ሰው ካላችሁ ጫኑት። ከሌላችሁ ግን፣ ባክአፑ ሳይወሰድ ሲያድር ስልክ ላይ የሚጮህ አገልግሎት ከፍላችሁ ብትጠቀሙ ይሻላችኋል።