ቢሚሽ ሙዚየም፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የነበረውን ኑሮ ገብተው የሚያዩበት ሰፈር

በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ በደርሃም ግዛት የሚገኘው ቢሚሽ ሙዚየም ዕቃን በመስታወት ሣጥን ዘግቶ የሚያሳይ ቦታ አይደለም። ቤቶቹና ሱቆቹ ከየከተማው ተነቅለው የተተከሉ ወይም በልካቸው ዳግም የተሠሩ ስለሆኑ ጎብኚው በር ከፍቶ ይገባባቸዋል። በ2025 እ.ኤ.አ. የብሪታንያ የዓመቱ ምርጥ ሙዚየም ተብሎ መሸለሙ በእኔ ዓይን ተገቢ ነው፤ በተለይ የ1950ዎቹን ከተማ የሚያሳየው ክፍል ሙሉ ቀን ቢሰጡት የሚያስቆጭ አይደለም።

ከመሄድ አስቀድሞ አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። ጦርነቱ በ1945 እ.ኤ.አ. ሲያበቃ ችግሩም አብሮ ያበቃ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን በጦርነቱ ዘመን እንኳ ያልተመጠነው ዳቦ ከጁላይ 1946 ጀምሮ ለሁለት ዓመት በራሽን፣ ማለትም መንግሥት በወሰነው መጠን፣ ይታደል ነበር፤ ስኳር እስከ 1953፣ ሥጋም እስከ ጁላይ 1954 ድረስ ያለ ራሽን ደብተር አይገዛም ነበር። ይህን ይዞ በዚሁ ክፍል ወዳለው የዓሣና ድንች ጥብስ ቤት የገባ ሰው፣ ምግቡ ከራሽን ውጭ ሆኖ መቆየቱ ለሠራተኛው ቤተሰብ ምን ያህል እፎይታ እንደነበረ ይገባዋል።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ የሠዓሊው የኖርማን ኮርኒሽ ቤት ነው። ኮርኒሽ በ14 ዓመቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ሆኖ ከ30 ዓመት በላይ ከመሬት በታች የደከመ፣ የስፔኒሙርን ጎዳናዎችና ጎረቤቶቹን የሣለ ሰው ነው፤ በዚያች ከተማ ከቤተሰቡ ጋር የኖረበት ቤት እዚህ ዳግም ተሠርቷል። ከጉድጓድ የወጣ ሰው በእንዲህ ያለ ጠባብ ቤት ብሩሽ ማንሣቱን ሳስብ ከበሩ ላይ ለመራቅ ተቸግሬ ነበር።

የማዕድን ሠራተኞቹ መሰብሰቢያ አዳራሽም ሊታለፍ አይገባውም። አዳራሹ ከመዝናኛነቱ በተጨማሪ በጁላይ 5 ቀን 1948 የተጀመረው ነጻ የጤና አገልግሎት ወደ ተራው ሰው ሕይወት እንዴት እንደገባ ያሳያል፤ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ገንዘብ ያሳስባት ለነበረች እናት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማሰብ እዚያ ጥቂት መቆም ያስፈልጋል።

ቅጥር ግቢው እጅግ ሰፊ በመሆኑ ከአንዱ ዘመን ወደ ሌላው በትራም ወይም በአሮጌ አውቶቡስ መሄድ ይሻላል። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው በአዳራሹ ጀምሮ፣ የኮርኒሽን ቤት አይቶ፣ በጥብስ ቤቱ እንዲጨርስ እመክራለሁ።