ኤንግል ደብልዩ 100 ካምሻፍት በ1600 ቮልስዋገን ሞተር፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ካለፈው መስከረም ወዲህ የቮልስዋገኔ 1,584 ሲሲ ሞተር የሚሠራው ኤንግል በተባለው አምራች ደብልዩ 100 ካምሻፍት (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ነው። በአዲስ አበባ መንገዶች በየዕለቱ እነዳዋለሁ፤ የእንጦጦን ዳገት አልፌም ወደ ሱሉልታ እወጣለሁ። በምርጫዬ ደስተኛ ነኝ፤ ለዚህ ያበቃኝ ግን ከካምሻፍቱ በፊት ቴስታታውን (ቫልቮቹ ያሉበትን የሲሊንደር ክዳን) መለካቴ ነው።

የዚህ ሞተር የአየር ማስገቢያ ቫልቭ ዲያሜትሩ 35.5 ሚሊ ሜትር ነው። ቫልቭ የዲያሜትሩን ሩብ ያህል ሲነሳ በዙሪያው የሚከፈተው ክፍተት ከራሱ ከቫልቩ ክብ ስፋት ጋር እኩል ይሆናል። እዚህ ላይ ያ ልክ 8.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ አየሩን የሚያንቀው የቴስታታው ቱቦ ስለሆነ ቫልቩን ይበልጥ ማንሳት እምብዛም አይጠቅምም። ደብልዩ 100 በፋብሪካው ባለ 1.1 ሮከር አርም (የካምሻፍቱን ግፊት በ1.1 አባዝቶ ለቫልቩ በሚያስተላልፈው ክንድ) 9.7 ሚሊ ሜትር ያነሳል፤ ልኩን በጥቂቱ ማለፉም ቫልቩ በደንብ ተከፍቶ የሚቆይበትን ጊዜ ያረዝማል። በዚሁ ቴስታታ ላይ ባለ 1.4 ሮከር አርም መግጠም ግን ከ12 ሚሊ ሜትር በላይ አንስቶ ሞላውንና የቫልቩን መሪ ያለ ዕድሜያቸው መጨረስ ነው፤ በፍጹም አልመክረውም።

የከተማችን ከፍታም መታሰብ አለበት። አየራችን ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ይሳሳል። ቫልቩን ለረጅም ጊዜ ከፍተው የሚያቆዩ ካምሻፍቶች፣ ለምሳሌ ቫልቩን ለ294 ዲግሪ የሞተር ዙር ከፍቶ የሚያቆየው ደብልዩ 120፣ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ከገባው አየር ከፊሉን ወደ መጣበት ይመልሱታል። ከሳሳ አየር ላይ ይህን ማጣት ለዳገት ከባድ ነው። የደብልዩ 100 ቆይታ 276 ዲግሪ ብቻ ነው።

መኪናዬ አሁን የእንጦጦን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ሳይጨነቅ ይወጣል። ጉልበቱ በግልጽ የሚሰማው ከ2,500 ዙር በላይ ነው፤ ከዚያ በታች ከድሮው ትንሽ ይደክማል፤ በብርዳማ ጠዋትም ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። በቤንዚን ፍጆታው ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላየሁም። የቫልቭ ክፍተቱን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ በ0.15 ሚሊ ሜትር አስተካክላለሁ፤ እስካሁን አልተዛባም።

ካምሻፍቱን ለመቀየር የሞተሩ አካል ለሁለት መከፈት አለበትና ወጪው ቀላል አይደለም። ቴስታታችሁ 40 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ካለውና ሁለት ካርቡራተር ከገጠማችሁ ሩቡ 10 ሚሊ ሜትር ስለሚሆን፣ በዚያው ልክ የሚያነሳውን ደብልዩ 110 እመርጥላችኋለሁ።