የጠዋት ቡና በመርከብ ክፍልና በሆቴል ክፍል፦ የትኛው ዕቃ ይገዛ?

ልጆች ከውጭ ደውለው «እማዬ፣ ዘንድሮ በመርከብ እናንሸራሽራችኋለን» ሲሉ መጀመሪያ የሚመጣው ደስታ ነው። ጥያቄው የሚመጣው ሻንጣ ሲዘጋጅ ነው። ጠዋት ቡናው በምን ይፈላል? ከደብረ ማርቆስ ወይም ከዳንግላ ለሥልጠና ባሕር ዳር መጥቶ ሆቴል የሚያድር ሰውም ጥያቄው ያው ነው። የሆቴሉ ቁርስ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል፤ እሱ ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቅቶ ጣሪያ ያያል።

ለመንገድ ተብሎ የሚሸጥ የቡና ዕቃ በዝቷል። ሁሉም ያምራል፣ ሻጩም ሁሉንም ያሞግሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን ዕቃ ከመምረጣችሁ በፊት ሌላ ነገር እወቁ፦ የምታድሩበት ክፍል ውስጥ ውሃ በምን ይፈላል? ምርጫውን የሚወስነው ቡናው ሳይሆን እሳቱ ነው።

መርከብ ላይ ያለው ሕግ

ከመርከቡ እንጀምር፤ ሕጉ የሚጠብቀው እዚያ ነው። ባሕር መሃል እሳት ቢነሳ መሸሻ የለም። ስለዚህ አብዛኞቹ የመርከብ ድርጅቶች ተሳፋሪ ይዞት የሚመጣውን የሚግል የኤሌክትሪክ ዕቃ ይከለክላሉ። ካውያ፣ ምድጃ፣ ቡና ማፍያ፣ የውሃ ማፍያ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን ቡና ማፍያን በስሙ ጠርቶ ከልክሏል። ሻንጣ ሲፈተሽ ከተገኘ ይወሰድና ለባለቤቱ የሚመለሰው ጉዞው ሲያልቅ ነው። ሻማና ዕጣንም አይፈቀዱም። ቡና መቁላትማ አይታሰብ፤ ጭሱ ገና ሲወጣ ማንቂያው ይጮኻል።

እንግሊዞች ያለ ሻይ መንቃት አይሆንላቸውምና የእነሱ መርከቦች ለየት ይላሉ። ፒ ኤንድ ኦ እና ኩናርድ ክፍሉ ውስጥ የራሳቸውን የውሃ ማፍያ ያስቀምጣሉ። እንግዲህ ትኬቱን የቆረጠውን ልጅ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መርከቡ የማን ነው? ክፍሉ ውስጥ ውሃ ማፍያ አለው?» ብላችሁ ነው። የቀረው ግዢ በመልሱ ይወሰናል።

ውሃ ማፍያ ከሌለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ማታ በር ላይ የሚንጠለጠለውን የቁርስ ካርድ ሞልቶ መተኛት ነው፤ ጠዋት ቡና በር ድረስ ይመጣል። ቀጭን ቡና ነው፤ የእኛን የለመደ አፍ ውሃ ውሃ ይለዋል። ሁለተኛው ከመመገቢያ አዳራሹ ሙቅ ውሃ በፔርሙስ ቀድቶ ክፍል ውስጥ ራስ ማዘጋጀት ነው። ሙቅ ውሃው በነፃ ነው፣ አዳራሹም በአብዛኛው ገና በጠዋት ይከፈታል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

ሆቴልና ከሰል

ባሕር ዳር ሆቴል ውስጥ ሕጉ ይላላል። ክፍሉ ውስጥ ውሃ ማፍያ ባይኖርም ሪሴፕሽን ሲጠየቅ የሚገኝበት ቦታ አለ። ካልሆነም ትንሽ የጉዞ ማፍያ ይዞ መምጣት ይቻላል። እዚህ የሚያስቸግረው መብራት ነው። ጠዋት ላይ ከጠፋ ማፍያውም ኩባያውም ያው ጌጥ ናቸው።

አንድ ነገር ግን ጠበቅ አድርጌ ልናገር። «ትንሽ ከሰል ብናያይዝ ምን አለበት» የሚል ሰው አይጠፋም። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሰል ሽታም ቀለምም የሌለው መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ጀበና ያማራችሁ ወደ ግቢው ወይም ከሆቴሉ ፊት ለፊት ወዳለችው ቡና አፍይ ሂዱ። እሷ ዘንድ አቦሉም፣ ቶናውም፣ በረካውም አለ።

ዕቃዎቹ ሲነጻጸሩ

ፍሬንች ፕሬስ፣ ማለትም ቡናና ሙቅ ውሃ ተቀላቅሎ ወንፊት ባለው መጫኛ የሚጫንበት ዕቃ፣ ለሁለት ሰውና ከዚያ በላይ የምመርጠው ነው። ሙቅ ውሃ ካለ ሌላ ምንም አይፈልግም፤ ማጥለያ ወረቀትም፣ መብራትም፣ ምድጃም። አንድ ሊትር ውሃ ወደ 60 ግራም ቡና ይፈልጋል። ለአንድ ትልቅ ኩባያ፣ ማለትም ለሩብ ሊትር፣ 15 ግራም ይበቃል። ውሃው ይጨመራል፣ ይማሰላል፣ አራት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ቀስ ተብሎ ይጫናል። ቡናው ወፈር ይላል፣ ትንሽ አተላም ያሳልፋል። ይህ ለፈረንጅ ጉድለት ነው፤ ጀበና ለለመደ ሰው ግን እንዲያውም የሚያጽናና ነገር ነው። ስትገዙ የመስታወቱን ተዉት። ሻንጣ ውስጥ ይሰበራል፣ መርከብ ሲናወጥም ከጠረጴዛ ይወድቃል። ባለ ሁለት ግድግዳውን የማይዝግ ብረት ግዙ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ሙቀትም ይይዛል። ትልቁ ጣጣው አጠባው ነው። አተላውን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ እንዳትደፉት፣ ቧንቧ ይደፍናል። በሶፍት ጠቅልላችሁ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ጣሉት።

ደግሞ የቡናው አፈጫጭ አለ። ለጀበና የላመ ቡና ነው የምናስፈጨው። ያ የላመ ቡና ፍሬንች ፕሬስ ውስጥ ሲገባ ወንፊቱን ያልፍና ጭቃ ይሆናል። ቡና ፈጪው ጋ «ሸካራ አድርገህ ፍጭልኝ» በሉት። ሸካራ ሲባል መጀመሪያ ግራ ይጋባል፤ ጠንከር በሉ።

ኤሮፕሬስ ለብቸኛ መንገደኛ ነው። በ2005 (በፈረንጅ አቆጣጠር) አሜሪካዊው አላን አድለር ያወጣው፣ ቡናውን በእጅ ግፊት በወረቀት አጥልሎ የሚያወጣ የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ጠንካራና ንጹሕ ቡና ያወጣል። አተላው እንደ ቂጣ ጠፍጥፎ ስለሚወጣ አጠባው ምንም አይደለም። ለመርከብ ክፍል ጠባብ መታጠቢያ ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ችግሩ አንድ ኩባያ ብቻ መሆኑ ነው። ባልና ሚስት ተራ መጠበቅ ይኖርባቸዋል፣ እንግዳ ከመጣማ ተዉት። ቡና ለብቻ ተጠጥቶ ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ክብ ወረቀቱም ጎጃም ውስጥ በቀላሉ ስለማይገኝ አብሮ የሚሸጠውን በዛ አድርጎ መያዝ፣ ወይም ለእሱ የሚሆን የብረት ወንፊት መግዛት ይሻላል።

ሞካ፣ ምድጃ ላይ ተጥዶ በእንፋሎት ግፊት ቡና የሚያወጣው ትንሽ ዕቃ፣ ጣዕሙ ለጀበና ይቀርባል፤ ወፍራም፣ መራራ፣ በትንሽ ሲኒ የሚጠጣ። ግን ያለ ምድጃ አይሆንም። ስለዚህ ለመርከብ ዋጋ የለውም። ወጥ ቤት ያለው የእንግዳ ቤት ተከራይታችሁ ባሕር ዳር የምትሰነብቱ ከሆነ ግን ከሁሉም በፊት እሱን ያዙ። የአሉሚኒየሙ በኢንዳክሽን (በማግኔት በሚያግል) ምድጃ ላይ እንደማይሠራ ብቻ አስታውሱ።

ኔስካፌ? መብራት ለጠፋበት ቀን አንድ ሁለት ፓኬት ኪስ ውስጥ ይኑር። ከዚያ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

ኩባያ አፍ ላይ የሚንጠለጠለው ባለ ከረጢት ቡና ከኔስካፌ በብዙ ይሻላል። ትክክለኛ የተፈጨ ቡና ነው፣ ዕቃ አይታጠብም። አንዱ ከረጢት ግን 10 ግራም ገደማ ብቻ ይይዛልና ለአንድ ትልቅ ኩባያ እንኳ አይበቃም። በየቀኑ ለሚጠጣ ሰው ሂሳቡ ይከብዳል።

ፔርሙስ ቡና ማፍያ ባይሆንም፣ ከዝርዝሩ አንድ ዕቃ ብቻ ግዙ ብባል የምገዛው እሱን ነው። ግማሽ ሊትር የሚይዝ፣ ውስጡ ብረት የሆነ ይበቃል። መርከብ ላይ ሙቅ ውሃ ያመላልሳል። ሆቴል ውስጥ መብራት ሳይጠፋ ማታ የፈላውን ውሃ ለጠዋት ያቆያል። ዘጌ ገዳማት ለመሄድ ጀልባ ላይ ስትወጡም አብሯችሁ ይወጣል። ከመሙላታችሁ በፊት በፈላ ውሃ አለቅልቁት፣ ልዩነቱ ይታያል። የጀበና ቡና ልትይዙበት ከፈለጋችሁ አተላው በደንብ ከሰከነ በኋላ የጠራውን ብቻ ቅዱ። አተላ ከገባበት መንገድ ላይ እየመረረ ይሄዳል።

የፈላ ውሃ እኩል አይደለም

ይህን ብዙ ሻጭ አይነግራችሁም። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት ይቀንሳል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ውሃ እዚያ በ94 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ ደግሞ ከዚያም ከፍ ስለምትል ወደ 92 ይወርዳል። መርከቡ ባሕሩ ላይ ነውና 100 ነው። ለተፈጨ ቡና ጥሩው ሙቀት ከ90 እስከ 96 ነው። ስለዚህ ጎጃም ውስጥ ውሃው እንደፈላ ወዲያውኑ አፍስሱ፣ መጠበቅ አያስፈልግም። ከመርከቡ ማፍያ ስትቀዱ ግን ክዳኑን ከፍታችሁ ግማሽ ደቂቃ ያህል አቆዩት። አለዚያ ያው ቡና መርከብ ላይ ሲመርባችሁ ቡናውን ትረግማላችሁ። በፔርሙስ ያመጣችሁት ውሃ ግን መንገድ ላይ ስለሚበርድ ቶሎ ተጠቀሙበት።

የጉዞ ውሃ ማፍያ የምትገዙ ደግሞ ቮልቱን እዩ። የእኛ 220 ነው፣ የአሜሪካ 120። እዚህ የተገዛ ማፍያ እዚያ ቢሰካ የሚያወጣው ሙቀት ከሲሶ በታች ነው፤ እስኪፈላ ድረስ ፀሐይ ትወጣለች። ከአሜሪካ የመጣው እዚህ ቢሰካ ደግሞ ይቃጠላል። ሁለቱንም ቮልት የሚቀበል፣ ከሥሩ መቀያየሪያ ያለው አለ። እሱን ፈልጉ። ቡናውን እማፍያው ውስጥ ጨምሮ ማፍላት ግን ነውር ነው፤ ገንፍሎ ይፈሳል፣ ሽታውም ለሚቀጥለው እንግዳ ሻይ ይተርፋል።

ለጿሚ አንድ ማሳሰቢያ። መርከብም ሆቴልም ውስጥ በትንሽ ከረጢት የሚቀመጠው፣ በወተት ፈንታ ቡና ላይ የሚጨመረው ነጭ ዱቄት ወተት የለበትም ተብሎ ይሸጣል። ብዙውን ጊዜ ግን ሶዲየም ኬዚኔት የሚባል ከወተት የሚወጣ ነገር አለበት። ሑዳዴ ላይ ከሆናችሁ ጀርባውን ሳታነቡ አትጨምሩት። ጤና አዳም ካላችሁ እሱ ይበልጣል፣ የደረቀውም ቢሆን።

ታዲያ ምን ልግዛ?

ለእናትና ለአባት፣ ማፍያ በሌለው መርከብ፦ የብረት ፍሬንች ፕሬስና ፔርሙስ። ብቻውን ለሚሄድ፦ ኤሮፕሬስና ፔርሙስ። ባሕር ዳር ለሥልጠና ለሚመጣ፣ ብር ለማይተርፈው ሰው፦ ፔርሙሱ ብቻ፣ ከባለ ከረጢቱ ቡና ጥቂት ጋር። የእጅ መፍጫ ደስ የሚል ነገር ነው፣ የተፈጨ ቡና ቶሎ ሽታው ይጠፋልና። ግን ለአንድ ሳምንት ጉዞ አስፈጭቶ አየር በማያስገባ ዕቃ ማሸግ ይበቃል።

ቡናውን ከዚሁ ያዙ። የዘጌን ቡና ካገኛችሁ ጥሩ ነው፤ በጫካው ጥላ ሥር የሚበቅል ነው። ተቆልቶ ይሂድ፤ የተቆላ ቡና አሜሪካ መግቢያ ላይ አያስከለክልም። ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው ግን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ ዱቄት በእጅ ሻንጣ ይዞ ከተገኘ ተጨማሪ ፍተሻ ይጠብቀዋል፤ ሊወሰድበትም ይችላል። የተፈጨው ቡና በሚላከው ሻንጣ ይግባ። በሶውም፣ ሽሮውም፣ በርበሬውም እዚያው።